ድምፅ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ረቂቅ ደንብ ይነካል? ለደሴና ለኮምቦልቻ የኖሚክ ተጫዋቾች የተሰጠ ምላሽ

ኖሚክ ተጫዋቾች በየተራቸው የጨዋታውን ደንብ ራሱን ለመለወጥ ሐሳብ የሚያቀርቡበትና ድምፅ የሚሰጡበት ጨዋታ ነው። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ዘጠኝ ሆነን በቴሌግራም ግሩፕ ኖሚክ እንጫወታለን። አምስታችን ደሴ፣ አራታችን ኮምቦልቻ ነን። የጀመርነው በጨዋታው ፈጣሪ በፒተር ሱበር የመነሻ ደንቦች ሲሆን ሙሉ ስምምነት የሚጠየቅባቸውን ሁለት ዙሮች ጨርሰን አብላጫ ድምፅ ውስጥ ገብተናል። አንዱ ተጫዋች በ322ኛው የለውጥ ሐሳብ ‹ተጫዋች ፍርድ ጠይቆ ከተሸነፈ ለዳኛው 5 ነጥብ ይሰጣል› ብሎ አቀረበ። አምስት ሰው ከደገፈው በኋላ መልእክቱን ኤዲት አድርጎ ‹ከራሱ ነጥብ ላይ 5 ተቀንሶ ለዳኛው ይሰጣል› አደረገው። አብራራሁት እንጂ አልለወጥኩትም ይላል፤ ደንብ 111 የመጨረሻውን መልክ የሚወስነው አቅራቢው ነው ስለሚል መብቴ ነው ባይ ነው። ግማሾቻችን ድምፃችን ወድቋል እንላለን። ማን ልክ ነው? ረቂቅ ማሻሻልን እንፍቀድ ወይስ እንከልክል? ከፈቀድንስ ደንቡ እንዴት ይጻፍ?»

ማሻሻልን ፍቀዱ፤ ድምፅ የተሰጠበትን ጽሑፍ መንካትን ግን ከልክሉ። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ የመሰሏችሁ የምትጫወቱት ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ሳይሆን በስልክ ስለሆነ ነው።

ሱበር ጨዋታውን የፈጠረው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያው ዓመት ዳግላስ ሆፍስታተር በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ዓምዱ ላይ አስተዋወቀው። ደንቦቹ አልፎ አልፎ በፖስታና በኮምፒውተር ስለሚደረግ ጨዋታ ቢናገሩም ዋናው ሥዕላቸው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ጠረጴዛ ላይ አቅራቢው ሐሳቡን ያነባል፣ ሌሎቹ ይተቹታል፣ እሱም ያስተካክላል፣ ከዚያ «በቃ፣ ድምፅ እንስጥ» ይላል፤ በአንድ ደቂቃ እጅ ወጥቶ ያልቃል። ክርክሩ የሚያበቃበትና ድምፁ የሚጀምርበት ቅጽበት ለሁሉም ይታያል። ግሩፕ ላይ ያ ቅጽበት ጠፍቷል። ጽሑፉ እንደወጣ አንዱ «ድጋፍ» ይላል፣ ሌላው ገና ይከራከራል፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የገባው ሦስተኛው ደግሞ ጭራሽ አላየውም። ክርክርና ድምፅ ጎን ለጎን ሲሄዱ ደንብ 111 ለክርክር ጊዜ የሰጠው መብት ድምፅ ጊዜ ውስጥ ሾልኮ ይገባል። የጠባችሁ ምንጭ እዚህ ላይ ነው።

ወደ ደንቦቹ እንሂድ። ደንብ 111 የሚለው፣ ሐሳቡ ግልጽ ካልሆነ፣ ሁለት ትርጉም ካለው ወይም ጨዋታውን የሚያፈርስ ከሆነ ሌሎች ተጫዋቾች ከድምፁ በፊት ማሻሻያ ሊጠቁሙ ወይም ሊቃወሙት ይችላሉ፤ ለዚህም ተገቢ ጊዜ ይሰጣል ነው። ቀጥሎ ሐሳቡ ለድምፅ የሚቀርብበትን የመጨረሻ መልክ አቅራቢው ይወስናል ይላል። ቁልፉ «ለድምፅ የሚቀርብበት» የሚለው ነው። መብቱ እስከ ድምፁ ደጃፍ ድረስ ያደርሳል፤ ወደ ውስጥ አያስገባም። አቅራቢያችሁ የዘነጋው ደግሞ ደንብ 106ን ነው። እሱ ሁለት ነገር ያዛል፦ የለውጥ ሐሳብ ሁሉ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ከጸደቀ በኋላም ጨዋታውን የሚመራው ድምፅ በተሰጠበት መልክ ነው። አምስቱ ሰዎች የደገፉት የመጀመሪያውን ጽሑፍ ነው። ሁለተኛውን ጽሑፍ ከእነሱ ማንም አልደገፈውም፤ ስለዚህ በእነዚያ ድምፆች ሊጸድቅ አይችልም። 106 ያለ ሙሉ ስምምነት ከማይነኩት ደንቦች አንዱ ስለሆነ፣ በደንብ 110 መሠረት ከእሱ ጋር የሚጋጭ ማንኛውም ተራ (አሁን በአብላጫ ድምፅ የሚለወጥ) ደንብ ይወድቃል። ነገ «አቅራቢ በድምፅ መሀል ማረም ይችላል፣ የተሰጠው ድምፅም ይጸናል» የሚል ደንብ ብታጸድቁ እንኳ 106 ቆሞ ሳለ አይሠራም። ያንን ከፈለጋችሁ መጀመሪያ 106ን ወደ ተራ ደንብ ማውረድ አለባችሁ፤ ለዚያ ደግሞ ደንብ 109 የዘጠኛችሁንም ሙሉ ስምምነት ይጠይቃል። እንዳትሞክሩት እመክራለሁ።

የ322 ጉዳይ ግን በአዲስ ደንብ አይፈታም። ደንብ 107 ወደ ኋላ የሚሠራ ለውጥን ይከለክላል። በደንብ 212 ዳኛው፣ ማለትም ከአቅራቢው በፊት ተራ የነበረው ተጫዋች፣ መወሰን አለበት። ትክክለኛው ፍርድ ይህ ይመስለኛል፦ ለድምፅ የቀረበው የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው፤ ከኤዲቱ በፊት የተሰጡት አምስት ድምፆች ለእሱ ይቆጠራሉ፤ ከኤዲቱ በኋላ ድምፅ የሰጠ ካለ በየትኛው ጽሑፍ ላይ እንደሰጠ ተጠይቆ እንደገና ይስጥ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ቃል በቃል ማን ዘንድ አለ? ቴሌግራም ለተራ አባል የሚያሳየው መልእክቱ ኤዲት መደረጉን ብቻ ነው፤ የቀድሞውን ቃል አያሳይም። አድሚኖች ግን በግሩፑ የቅርብ ጊዜ ድርጊቶች ዝርዝር ውስጥ የቀድሞውንና የአሁኑን ጽሑፍ አብረው ማየት ይችላሉ። ዝርዝሩ የሚቆየው 48 ሰዓት ስለሆነ ይህን እንዳነበባችሁ ፈጥናችሁ ስክሪንሾት አንሱ። ያ ጊዜ ካለፈና አንድም ሰው ጽሑፉን ፎርዋርድ አድርጎ ካላስቀመጠ ዳኛው ድምፁን ሰርዞ እንደ አዲስ ያስጀምር፤ የማይታወቅ ጽሑፍ ሊጸድቅ አይችልም። ፍርዱን ለመሻር ቀጣዩ ተራ ከመጀመሩ በፊት የሌሎቹ ተጫዋቾች ሙሉ ስምምነት ያስፈልጋል። ደግሞም አዲስ ዳኛ በቀድሞው ዳኛ ፍርድ አይታሰርም። በሚቀጥለው ወር ተመሳሳይ ነገር ቢነሳ የዛሬው ፍርድ አያድናችሁም፤ ጽሑፍ ያለው ደንብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«አብራራሁ እንጂ አልለወጥኩም» የሚለውን ግን ቀለል አድርጋችሁ አትለፉት። ልጁ በቅንነት የተናገረው ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱ የራሳችን ፊደል ላይ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ለዳኛው 5 ነጥብ ይሰጣል» የሚለው ሲላላ ተጫዋቹ ከራሱ ያወጣል ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ነጥቡ ከየትም መጥቶ ለዳኛው ይታደላል ማለት ነው። በመጀመሪያው ንባብ የተሸነፈው ተጫዋች ይቀጣል፣ በሁለተኛው ማንም አይቀጣም። አምስቱ ደጋፊዎች ምናልባት ሦስቱ አንዱን፣ ሁለቱ ሌላውን አንብበው ይሆናል። አቅራቢው ሲጽፈው በጆሮው የሰማው አንዱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ኤዲቱ ለእሱ ማብራሪያ ነው፣ ለደገፈው ሌላ ሰው ደግሞ ፍጹም ሌላ ደንብ። ከዚህ በመነሳት ሁለት የአጻጻፍ ልማድ ያዙ። ነጥብ የሚንቀሳቀስበት ደንብ ሁሉ ከማን ወጥቶ ለማን እንደሚገባ ይናገር፦ «ከተጫዋቹ ነጥብ ላይ 5 ተቀንሶ በዳኛው ነጥብ ላይ ይደመራል» ወይም «በዳኛው ነጥብ ላይ 5 ይጨመራል፤ ከማንም አይቀነስም»። ሁለተኛው ልማድ ገላጭ ቃል ለሁለት ስም እንዳይጋራ ማድረግ ነው። «አዲስ ተጫዋቾችና ዳኞች» ሲባል ዳኞቹም አዲስ ናቸው ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ «ዳኞችና አዲስ ተጫዋቾች» ብሎ መገልበጥ ያድናል።

አሁን ወደ አዲሱ ደንብ። መሠረቱ አንድ ሐሳብ ነው፦ ረቂቅ ገና «የቀረበ» ሐሳብ አይደለም። ይህ የቃል ጨዋታ አይደለም። ደንብ 104 በተገቢው መንገድ የቀረበ ለውጥ ሁሉ ለድምፅ ይውላል ስለሚል፣ አንድ ጽሑፍ ግሩፑ ላይ በወጣበት ቅጽበት «ቀረበ» ከተባለ መልሶ መሳብ አይቻልም ማለት ነው። ደንብ 108 ደግሞ ለቀረበ ለውጥ ሁሉ ተከታዩን ቁጥር ይሰጣል። ረቂቅን ከ«መቅረብ» በፊት ያለ ደረጃ አድርጋችሁ ብትተረጉሙት አቅራቢው እንደልቡ ያርማል፣ ይስባል፣ ይተወዋል፤ ቁጥር የሚያገኘውም ሲታሸግ፣ ማለትም ጽሑፉ ተቆልፎ ለድምፅ ሲቀርብ፣ ብቻ ነው። ፓርላማ ረቂቅ አዋጅን ለቋሚ ኮሚቴ ሲመራ ለማጽደቂያው ድምፅ እንዳልደረሰ ሁሉ፣ ታሽጎ ቁጥር እስኪያገኝ ድረስ ጽሑፉ በእጅ ያለ ሥራ ነው።

ቁጥሩን ለምን አጥብቄ እንደያዝኩት ነጥቡን ስታሰሉ ይገባችኋል። በደንብ 202 አቅራቢው የሚያገኘው ከሐሳቡ ቁጥር 291 ተቀንሶ በደጋፊዎቹ ድርሻ ተባዝቶ ነው። 322 በስድስት ድጋፍ ቢያልፍ 31 ሲባዛ በ6/9፣ ወደ ሙሉ ቁጥር ሲጠጋ 21 ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዱ ማሻሻያ አዲስ ቁጥር የሚያገኝ ከሆነ ግን አራት ጊዜ ነካክቶ 326 ያደረሰው ሰው በዚያው ስድስት ድጋፍ 23 ያገኛል። ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ቁጥሩ ለሚቀጥሉት ተጫዋቾችም ሁሉ ይንራል፣ አሸናፊው በነጥብ ስለሚለይም ማሻሻል ራሱ ገበያ ይሆናል። በሌላ በኩል ደንብ 206 ለወደቀ ሐሳብ 10 ነጥብ ይቀንሳል። ሰው በድምፅ መሀል ለማረም የሚገፋፋውም ይህ ነው፤ ሦስት ተቃውሞ ሲያይ 10ሩን ለማዳን ይሯሯጣል። ከመታሸግ በፊት መሳብ ያለ ቅጣት ከተፈቀደ ያ ግፊት ይበርዳል።

ለዘጠኝ ሰው የሚመጥነው ጽሑፍ ይህን ይመስላል። እንዳለ ልትወስዱት ትችላላችሁ፤ ቁጥሮቹን ለምን እንደመረጥኩ ከሥሩ አስረዳለሁ።

«1. ረቂቅ ማለት ገና ያልታሸገ የደንብ ለውጥ ጽሑፍ ነው። ረቂቅ በደንብ 104 እና 108 ትርጉም የቀረበ ለውጥ አይደለም።

2. ማንኛውም ተጫዋች ተራው ሳይደርስም ረቂቅ ማውጣትና በግልጽ መወያየት ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ከ1 በላይ ክፍት ረቂቅ ግን አይኖረውም። አቅራቢው ረቂቁን እስኪታሸግ ድረስ ያለ ቅጣት መሳብ ይችላል።

3. ረቂቁን የሚያሻሽለው አቅራቢው ብቻ ነው። እያንዳንዱ ማሻሻያ በአዲስ መልእክት፣ ሙሉውን ጽሑፍ ይዞ፣ ተከታዩን የቅጂ ቁጥር አግኝቶ ይወጣል። ከ4 በላይ ቅጂ አይፈቀድም። ኤዲት የተደረገ መልእክት ቅጂ ሆኖ አይቆጠርም፤ አቅራቢው ግን ባወጣው በ15 ደቂቃ ውስጥ አጥፍቶ በዚያው ቁጥር መልሶ ሊያወጣው ይችላል።

4. ነባር ደንብን የሚነካ ረቂቅ የዚያን ደንብ የአሁን ቃል ሙሉ በሙሉ ከላይ ያስቀምጣል። የደንቡ ቃል በመሀሉ ከተለወጠ ረቂቁ በአዲሱ ቃል ላይ ተመሥርቶ ዳግም እስኪወጣ አይታሸግም፤ ይህ ቅጂ ከ4ቱ አይቆጠርም።

5. ተራው የደረሰው አቅራቢ በ2 ቀን ውስጥ ‹ይታሸግ› ይላል። የሚታሸገው ከወጣ 24 ሰዓት የሞላው የመጨረሻው ቅጂ ነው። በ2 ቀን ውስጥ ካላለ ያው ቅጂ በራሱ ይታሸጋል፤ እንዲህ ያለ ቅጂ ከሌለው ተራው ያልፋል።

6. ዳኛው የሚታሸገውን ቅጂ ወደ ግሩፑ ፎርዋርድ ያደርጋል፣ በደንብ 108 ተከታዩን ቁጥርም ይሰጠዋል። ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ አንድ ፊደል አይነካም፤ አይሳብምም።

7. ድምፅ የሚሰጠው የታሸገውን ቁጥር ጠቅሶ በመጻፍ ነው። ከመታሸጉ በፊት የተጻፈ ድጋፍ ወይም ተቃውሞ አስተያየት እንጂ ድምፅ አይደለም። ኤዲት የተደረገ ድምፅ አይቆጠርም፤ ድምፁን የሚለውጥ አዲስ መልእክት ይጽፋል። ድምፅ የሚዘጋው ከታሸገበት ቀን ቀጥሎ ባለው 3ኛ ቀን ማታ 12 ሰዓት፣ በስልክ ሰዓት 18:00 ነው።

8. ይህ ደንብ ከደንብ 202 ወይም 210 ጋር ከተጋጨ ይህ ይበልጣል።»

ከመጨረሻው ልጀምር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚዘልለው እሱን ነው። ተራ ደንቦች ሲጋጩ ደንብ 211 ዝቅተኛ ቁጥር ላለው ያደላል። የእናንተ አዲስ ደንብ 323 አካባቢ ስለሚሆን ከሁሉም ታናሽ ነው፤ በግልጽ «እበልጣለሁ» ካላለ በቀር ይሸነፋል። 210 ተጫዋቾች ስለወደፊት ለውጦች እንዳይመካከሩ ይከለክላል፤ በፖስታና በኮምፒውተር ለሚደረግ ጨዋታ አይሠራም ቢልም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ ሻይ ላይ የምትገናኙት የደሴዎቹ አምስት «ይህ በኮምፒውተር የሚደረግ ጨዋታ ነው?» የሚል ክስ እንዳይመጣባችሁ አንቀጽ 2 እና 8 አብረው ይዘጉታል። አንቀጽ 2 «በግልጽ» ያለውም ሆን ተብሎ ነው። ረቂቁ የሚታረመው አምስታችሁ ሻይ ቤት ውስጥ በተስማማችሁት ከሆነ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ያሉት አራቱ ሁልጊዜ ዝግ ነገር ይደርሳቸዋል። ፊት ለፊት የተባለ የማሻሻያ ሐሳብ ግሩፑ ላይ ካልተጻፈ እንዳልተባለ ቁጠሩት።

24 ሰዓቱ የደንቡ ምሰሶ ነው። ያለ እሱ አቅራቢው ለአራት ቀን ያወያየውን ጽሑፍ በመጨረሻዋ ሰዓት አንድ ቃል ለውጦ ወዲያው ያሳሽጋል፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የድሮውን ስለሆነ ሳያነብ ይደግፋል። መከላከል ያለባችሁ ማጭበርበር ይህ ነው። 12 ሰዓት አይበቃም ወይ ትሉ ይሆናል። የሌሊት ፈረቃ ያለበት፣ መብራት ወይም ኔትወርክ ግማሽ ቀን የሚጠፋበት ሰው ሙሉ አንድ ዑደት ያስፈልገዋል፤ ጊዜው ከ24 ሰዓት ያነሰ መሆን የለበትም። የመጨረሻው ቅጂ ገና 24 ሰዓት ካልሞላው የቀደመው ይታሸጋል የሚለው ደግሞ አቅራቢው ራሱ አቻኩሎ እንዳያርም ያስገድደዋል፤ ከቸኮለ የሚሄደው የማይፈልገው ጽሑፍ ነው።

የ4 ቅጂ ገደብ ለተቃራኒው በሽታ ነው፤ ማለቂያ ለሌለው ማጣፈጥ። ገደብ ሲኖር አቅራቢው አስተያየቶችን አጠራቅሞ በአንዴ ያርማል። ገደብ ሳይኖር ለእያንዳንዱ አስተያየት አንድ ቅጂ ያወጣል፤ ሰዉም ሰባተኛው ላይ ማንበብ ያቆማል።

ቅጂዎቹን በቁጥር ሰይሙ፦ ረቂቅ 7/1 (የሰባተኛው ረቂቅ አንደኛ ቅጂ)፣ 7/2፣ 7/3። በሀ ለ ሐ ለመሰየም ትፈተኑ ይሆናል፤ ሦስተኛው ቅጂ «ሐ» ሲሆን በድምፅ መልእክት «ሀ» ይሁን «ሐ» የሚለይ ጆሮ የለም።

አንቀጽ 6 ላይ ፎርዋርድ ያልኩት ለአሠራር ምቾት ብቻ አይደለም። ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ላኪው የራሱን መልእክት እስከ 48 ሰዓት ኤዲት ማድረግ ይችላል፤ ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት ግን ኤዲት አይደረግም፣ ዋናው ቢለወጥም ቅጂው አይለወጥም። ማኅተም ከዚህ የቀለለ አታገኙም። መጥፋት ግን ይችላል፤ ስለዚህ ደንብ የሚይዘው ሰው የታሸገውን ወደ ራሱ ማስቀመጫም ፎርዋርድ ያድርግ። የቴሌግራምን የድምፅ መስጫ ፖል አልመከርኩም። ሳትነኩት ከተዋችሁት ማን እንደሰጠ ይደብቃል፣ ረዥም የደንብ ጽሑፍም አይሸከምም፤ ጥያቄው ላይ «322ን ትደግፋላችሁ?» ብቻ ተጽፎ ጽሑፉ ሌላ ቦታ ሲቀር ያው የድሮው ችግር ይመለሳል።

ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ግድ ነው። «እስከ ረቡዕ 12 ሰዓት» ያለ ሰው በእኛ ማታ 12 ማለቱ ነው ወይስ በስልኩ እኩለ ሌሊት? ስድስት ሰዓት ልዩነት አለው፤ በዚያ ውስጥ ሁለት ድምፅ ይገባል። «እስከ ረቡዕ» ብቻ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ረቡዕ የሚያልቀው ጀምበር ስትጠልቅ ነው የሚልም፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው የሚልም ይገኛል።

የፊደል ግድፈት ጥያቄ ይመጣባችኋል፦ «ሥራ» ን «ስራ» ብሎ የጻፈ ሰው አንድ ቅጂ ያባክን? ከመታሸጉ በፊት 15 ደቂቃው ይበቃል። ከታሸገ በኋላ ግን ግድፈቱም ከነግድፈቱ ይጽደቅ። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ቢቀያየሩ ማንም ትርጉም አያጣም፤ ከጸደቀ በኋላ ደንብ ያዡ መዝገቡ ላይ ዋናውን ሳይነካ በጎን ማስታወሻ ሊያኖር ይችላል። «ትንሽ እርማት» የሚባለውን በር ከከፈታችሁ ግን አሃዝ፣ «እና» እና «ወይም»፣ «ይችላል» እና «አይችልም» በዚያው በር ይገባሉ። በአማርኛ አሉታው ግሡ ላይ የተጣበቀች አንዲት «አ» እና «ም» ናት፤ እሷን መጨመርም በፊደል ብዛት ሲታይ ትንሽ እርማት ነው።

አንቀጽ 4 የሚጠቅማችሁ ረቂቆች ጎን ለጎን ሲሄዱ ነው። ጎን ለጎን እንዲሄዱ የፈቀድኩትም ለጊዜ ነው፦ እያንዳንዱ ተጫዋች ተራው ሲደርስ ብቻ 5 ቀን ቢያረቅና 3 ቀን ድምፅ ቢሰጥበት አንድ ዙር 72 ቀን ይፈጃል፤ ረቂቁ ቀድሞ ከበሰለ ግን ዙሩ ወደ 27 ቀን ገደማ ይወርዳል። ዋጋው፣ አንተ ደንብ 205ን ስታርም ከፊትህ ያለው ተጫዋች እሱኑ ለውጦ ሊያጸድቅ መቻሉ ነው። ያንተ ረቂቅ በአሮጌው ቃል ላይ ሙሉ ምትክ ጽሑፍ ከሆነ ሲጸድቅ የእሱን ለውጥ ሳያስበው ይደመስሰዋል። «ይህ ሐረግ በዚህ ይተካ» የሚል ከሆነ ደግሞ የሚተካው ሐረግ ላይገኝ ይችላል፤ ያኔ ደንቡ ጸድቆ ምንም አይሠራም። የአሁኑን ቃል ከላይ ማስቀመጥ ሁለቱንም ያጋልጣል። ምትኩን ስትጽፉ የሚወጣውን ቃል በተሠረዘ ጽሑፍ፣ የሚገባውን በደማቅ አድርጉት፤ ቴሌግራም ሁለቱም አሉት፣ አንባቢም ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል።

ሌሎች ተጫዋቾች ረቂቁን ራሳቸው ቢያርሙስ? በአብላጫ ድምፅ የሌላውን ረቂቅ ማሻሻል የሚፈቅድ ጨዋታ መገንባት ይቻላል፤ ለእናንተ ግን አይሆንም። ሐሳቡ ሲወድቅ 10 ነጥብ የሚከፍለው አቅራቢው ነው። ሌሎቹ አምስት ሆነው መርዝ የሆነ አንቀጽ ቢጨምሩበትና መልሰው ቢጥሉት እሱ ባልጻፈው ቃል ይቀጣል። ጠቋሚው ትክክለኛውን ቃል ይጻፍ፦ «አንቀጽ 2 ላይ ‹በ3 ቀን› የሚለው ‹በ5 ቀን› ይባል»። «ጊዜው አጭር ነው» የሚል አስተያየት አቅራቢውን ግምት ውስጥ ይከተዋል፣ ግምቱም ሌላ ቅጂ ይበላል። አቅራቢው እምቢ ካለ ጠቋሚው በራሱ ተራ የራሱን ያውጣ። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢሜይል የሚካሄደው አጎራ የሚባለው ኖሚክም በዚህ መንፈስ ነው የሚሠራው፦ ተጫዋቾች ቀድመው ረቂቅ ያሰራጫሉ፣ የረዷቸውን በተባባሪ ጸሐፊነት ይጠቅሳሉ፣ ሐሳቡ አንዴ በይፋ ከተፈጠረ በኋላ ግን ጽሑፉ አይለወጥም። ለጠቋሚ ነጥብ መስጠትን አሁን አትጀምሩ፤ ረቂቅ ለማሻሻል ሳይሆን ስም ለማስገባት የሚጠቁም ሰው ይበዛል።

አንድ ነገር ደግሞ ከዚህ ደንብ ውጭ ተመልከቱ። በአብላጫ ድምፅ ጊዜ ደንብ 204 ያለፈውን ሐሳብ ለተቃወሙ ሰዎች 10 ነጥብ ይሰጣል። ድምፁ በግልጽ እየታየ ስለሚቆጠር አምስተኛው ድጋፍ እንደተጻፈ የቀሩት አራቱ 10ሯን ለመውሰድ ይቃወማሉ፤ አቅራቢውም ድርሻው ይወርድበታል። ድምፁ ለዳኛው በግል ተልኮ ሲዘጋ በአንዴ ይውጣ፤ ያንን ግን በሌላ ሐሳብ አቅርቡት እንጂ እዚህ ውስጥ አትክተቱት። ደንብ 111 ሁለት ለውጥ ባንድ መታሸጉን እንደ ጉድለት ያየዋል።

«የማሻሻያውን ደንብ ራሱን በራሱ መንገድ ማሻሻል ይቻላል?» የምትሉ ከሆነ፣ አዎ፤ ደንብ 115 ይፈቅዳል። የአገራችን ሕገ መንግሥትም ይህን ያውቀዋል፤ አንቀጽ 105 ራሱንና አንቀጽ 104ን ከምዕራፍ ሦስት መብቶች ጋር አንድ ላይ ከባዱ መንገድ ውስጥ አስገብቷቸዋል፦ ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በአብላጫ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ። እናንተም ይህን ደንብ ለተወሰነ ጊዜ ተራ ደንብ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ 24 እና 4 የሚሉት ቁጥሮች ለግሩፑ መመጠናቸውን ሳታዩ የማይነካ አታድርጉት። እስከ 25 ተራ ደንብ ብቻ በሚፈቅደው ደንብ 209 ምክንያት ደግሞ ስምንቱን አንቀጾች ወደ ስምንት ደንብ አትበትኗቸው።

ሲቀርብ የሚሠራው ገና አሮጌው ሥርዓት ስለሆነ ይህን ሐሳብ የሚያወጣው ተጫዋች በፈቃዱ አዲሱን መንገድ ይከተል፦ ዛሬ ረቂቅ ብሎ ያውጣው፣ አስተያየት ይሰብስብ፣ የመጨረሻው ቅጂ 24 ሰዓት ሲሞላው ዳኛው ፎርዋርድ ያድርገው፣ ከዚያ በፊት «ድጋፍ» የጻፈ ሰው እንደገና ይጻፍ። በጸደቀ ቀን በግሩፑ ውስጥ በሐሳብ ደረጃ የተወረወሩ ጽሑፎች ይኖራሉ። ባለቤቶቻቸው እንደ ቅጂ 1 አድርገው በአዲስ መልእክት መልሰው ያውጧቸው፤ 24 ሰዓቱም የሚቆጠረው ከዚያ መልእክት ጀምሮ ነው።